የኖሪን ልክ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

የዓመቱን ትልቅ ዜና ዛሬ ሰማሁ። ኖሪን ብስክሌት ልትነዳ ነው!

ጠዋት ከዙር ተመልሼ በረንዳው ላይ ጫማዬን ስፈታ፣ የስፌት መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ብቅ አለችና "አንተ ሰውዬ፣ እሑድ እሑድ እንዲህ ፊትህ በርቶ የምትመጣው ከየት ነው? እኔም ልምጣ እንዴ?" አለች። ከተጋባን ጀምሮ እሑድ ጠዋት እኔ መንገድ ላይ፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነን፤ የምንገናኘው ምሳ ላይ ነው። ከወተት ቦቴ ሹፌርነቴ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ እያየች አዝናልኝ ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በካልሲዬ እየሮጥኩ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ።

ቴላዮ፣ የብስክሌቱን ዋና ብረት ማለቴ ነው፣ መምረጥ የሚባል ነገር አላስፈለገም። ጣሪያው ሥር የተሰቀለችው ሰማያዊቷ አለች፤ በወጣትነቴ የተወዳደርኩባት፣ እስከ ዛሬ በየወሩ የምወለውላት። የእኔና የኖሪን እግር ርዝመቱ አንድ ነው፤ ሱሪዬን የምታሳጥረው እሷ ስለሆነች ልኩን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ለደንቡ ያህል ግቢ ውስጥ ቴላዮው ላይ አንፈራጥጣ እንድትቆም አደረግኳት፤ በላይኛው ብረትና በሷ መካከል ልክ ሁለት ጣት ገባ። በክለባችን ሰው ለብስክሌት የሚለካው እንዲህ ነው። አባቶቻችንም የተለኩት እንዲሁ ነው።

ኖሪን ዝቅ ብላ ሁለቱን ጣቶቼን አየቻቸው። "ልኬቱ ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"እኔ ለአንድ ጋውን ስንት ቦታ እንደምለካ ታውቃለህ?"

"ጋውን ፔዳል የለውም" አልኳት። ሳቀች።

ጽሕፈቴ ተንጋዷል። እሑድ ማታ ነውና እንደ ወትሮው ትንንሾቹ ጣቶቼ ደንዝዘው ተኝተዋል፣ እስክሪብቶ በደንብ አይጨብጡም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሰማያዊቷን አጠብኳት። አዲስ ካቴና። አዲስ ጎማ። ኮርቻውን አልነካሁትም፣ በኔው ልክ ነው። መሪው ዝቅ ያለ ነው፤ እንደዚያው ይሁን፣ ውበቷ እሱ ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

የመጀመሪያው ዙራችን። ከከተማችን ከኮላክ እስከ ኮሮሩክ መንደር፣ በሐይቁ ዳር። ነፋሱ ከምዕራብ፣ ሜዳው ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ከፊቴ ስትሄድ ሰማያዊቷ በፀሐይ ስታበራ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ነፋሱ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ኖሪን መንገድ ላይ እየደጋገመች ቆመች። "ላሞቹን ልይ" ትላለች። ኖሪን የወተት ላም መካከል ያደገች ሴት ናት፤ ላም ለማየት ስትቆም አይቻት አላውቅም። አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች፣ እጇን ታራግፋለች፣ ከዚያ ኮርቻው ላይ ትወጣለች።

ሁለተኛው የእርሻ በር ላይ ቆመን ሳለ የክለቡ ሰዎች በቡድን አለፉን። የሚመራው ያው ዴስ ነው፤ ሥጋ ቤቱን ለልጁ ካስረከበ ወዲህ ሥራው እኔን መተረብ ብቻ ሆኗል። "ክላይቭ! ሚስትህን ወዴት ነው የምትነዳት? ፊቷ ችሎት የምትቀርብ አስመስሏታል!"

"ዴስ፣ ያንን ቁምጣ ማን ሰፋልህ?" አለች ኖሪን። "ጠላት ነው የሰፋልህ!" የቡድኑ ሳቅ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማ።

ቤት ስንገባ ግን ሶፋው ላይ ተዘረረች። "አንገቴ፣ ትከሻዬ፣ መዳፌ" አለች። "የቀረ ነገር የለም።" አዲስ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፣ ትለምጂዋለሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "እስከ ፋሲካው ውድድር እሞክራለሁ። ያኔም እንዲህ የሚያመኝ ከሆነ ብስክሌቱን እሰቅለዋለሁ፤ አንተም አትለምነኝም። ተስማማን?"

ተስማማሁ። ምን ልበል?

የፋሲካው ውድድር የኔ ቀን ነው። ለክለቡ ደቂቃ የምመድበው እኔ ነኝና። ደካማው ቀድሞ ይነሳል፣ ጠንካራው መጨረሻ ላይ፤ መዳቢው እጁ ትክክል ከሆነ፣ አያቶቹም ጎረምሶቹም መድረሻው አጠገብ አንድ ላይ ይገናኛሉ። አንዳንድ ክለብ ውስጥ መዳቢ ለዘመዱ ያደላል ይባላል። እኔን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ኖሪን እዚያ መስመር ላይ ትኖራለች። አንገቷ ከተሻላት።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ማይክሮዌቭ ውስጥ የሞቀውን የስንዴ ከረጢት ለሕመሙ አንገቷ ላይ አድርጋ እራት በላች። አላማረረችም። ብታማርር ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ዛሬ ተጨቃጨቅን። ክርንሽን እጠፊ፣ አገጭሽን አውጪ፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደፊት እይ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ። በመጨረሻ እግሯን አወረደችና "መሪውን ከፍ ብታደርገውስ?" አለች።

"መሪ ከፍ አድርጎ የሚነዳ ፖስተኛ ነው።"

"ፖስተኛው አንገቱን ሲያመው ሰምተህ ታውቃለህ?"

ሁለተኛውን ደንብ ላሳያት ግድ ሆነ። ብስክሌተኛ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቁልቁል ሲያይ፣ መሪው የፊት ጎማውን እምብርት መጋረድ አለበት። ከታየ ቴላዮው ልኩ አይደለም። ደግፌ ያዝኳትና "እዪ" አልኳት። አየች። እምብርቱ አይታይም! "ይኸው! ለአንቺ የተሠራች ናት!" አልኩ።

"ክላይቭ" አለች ቀስ ብላ፣ "እምብርቱ ቢታየኝ ማን ይሞታል?"

ደንብ ደንብ ነው። አሁን ስጽፈው ግን ብዙ የጮህኩ ይመስለኛል። ነገ አበባ ልግዛላት? አይ፣ አበባ ከገዛሁ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። እስፖንጅ ኬክ ይሻላል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ለጎማዬ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ፣ ልገዛ ኪራ ሱቅ ገባሁ። ኪራ የብስክሌት ሱቅ አላት፤ ከክለባችን ሴቶች አንደኛዋ ፈጣን ናት፣ ወንዶቹንም ቢሆን አሰልፋ ትነዳቸዋለች። መስኮቷ ውስጥ ብርቱካናማ ብስክሌት አቁማለች፤ አጠር ያለች፣ ፊቷ ከፍ ያለ። ዴስ እዚያው ነበር። "ይቺ ደግሞ የጡረተኛ አልጋ!" አለ፤ እኔም ሳቅኩ።

ኪራ አልሳቀችም። "ኖሪን እንዴት ናት?"

"እየለመደች ነው።"

"እግሯ ረጅም ነው፣ ከወገብ በላይ ግን አጭር ናት። ያንተ ሰማያዊ ይረዝምባታል፤ መሪው ጋ ለመድረስ ተዘርግታ ነው የምትነዳው።"

"እግራችን እኩል ነው። ለክቻታለሁ። ትለምደዋለች።"

"ቴላዮውን ነው ሕመሙን?" አለች ኪራ።

ወጣቶች ስለ ደንብ ደንታ የላቸውም። ካላማዳሪያውን ረስቼው መጣሁ።

እሑድ፣ ማርች 2

ኖሪን ሳታውቅ ሰዓት ያዝኩባት። ለውድድሩ ስመድብ በግምት አልሠራም። ቀርፋፋ ናት፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ወጥቶ ነው የምትነዳው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀድማ ብትነሳ ልክ ይመጣል።

ዳቦ ቤቱ ጋ የትራፊክ መብራቱ ሲይዘን እኔ ወደቅኩ! ሰው ሁሉ እያየ፣ ብስክሌቴ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀስ ብዬ በጎኔ ዘመም አልኩ። ፍሬኑ ዘግይቶ ያዘልኝ፤ ጣቶቼ ትዕዛዝ አልሰማ ብለው ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። ፓይ ይዘው የወጡት ሁለት ሴቶች አጨበጨቡልኝ። ኖሪን እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ እጄን ያዘችና እያገላበጠች አየችው።

"ጣትህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"የብስክሌተኛ ጣት ሁሉ እንዲህ ነው።"

"ማን አለ?"

ማን እንዳለ እኔም አላውቅም። ሁሌም እንዲህ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ኖሪን ሥራ በዝቶባታል። የልጃገረዶቹ የዳንስ ምሽት ደርሷል፤ የኪራ እህት ልጅና ጓደኞቿ ነጭ ጋውን እያሰፉ ነው። ለመለካት ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በመኪና ኪራ ጋ ትሄዳለች። ዛሬ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ እያንጎራጎረች ገባች። ጋውን እንዲህ ደስ የሚያሰኝ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ነግሬያት ነበር! አንገቷ ተሽሏታል። የስንዴው ከረጢት ቁም ሳጥን ውስጥ ተመልሷል። ሰውነት ቴላዮውን ይማራል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቀኝ ባቷ ላይ የካቴና ቅባት አየሁባት። እኔ ሳላያት ሰማያዊቷን ስታጸዳ ነበር ማለት ነው። ውዴ።

ረቡዕ፣ ማርች 19

ሰማያዊቷ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች፤ ከኮርቻው እስከ መሪው። ካቴናዋም የደረቀ ነው፣ ጎማዋም ነፋስ ጎድሎታል። በዚህ ወቅት ሸረሪት ፈጣን ናት።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

እግር ኳስ እያየሁ ወንበሬ ላይ አሸለብኩ። ስነቃ ኖሪን በስፌት ሜትሯ ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ትለካኛለች። "ምንድን ነው?" ስላት "ዝም በል፣ ሹራብ ነው" አለች። ከዚያ ጀርባዬን ለካች። ከዚያ ወደፊት ጎንበስ በል አለችኝና እጄ የት ድረስ እንደሚደርስ አየች።

ለሹራብ ለምን እንደምጎነበስ አልገባኝም። ስለ ሹራብ ግን ምን አውቃለሁ?

እሑድ፣ ማርች 23

አብረን ወጣን። የገረመኝ ነገር፦ ሰማያዊቷ ላይ ስትሆን ያው ቀርፋፋ ናት፣ ያው ትከሻዋን ሰቅላ። ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነበረች እኮ! ቢአክ መንደር ሳንደርስ ተመለስን። ጣቶቼ ስለተኙ በዚሁ ላብቃ።

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ደቂቃ የምንመድብበት ስብሰባ ዛሬ ነበር፤ በክለቡ አዳራሽ ጓሮ፣ ቋሊማ እየጠበስን። ዝርዝሬን አነበብኩ። ለራሴ አሥራ ሁለት። ለኖሪን ሠላሳ አምስት። ዴስ "ሚስቱን ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው የሚያስነሳት!" ሲል ሳቁብኝ። ሰዓት ይዤ ነው አልኳቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው። እውነቴን ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ሠላሳ አምስት ስል ኪራ ወደ ዴስ አየች፣ ዴስም ቋሊማውን ያገላብጥ ጀመር። ዴስ ቋሊማ አገላብጦ አያውቅም። ሽንኩርት ላመጣ ስሄድ ኪራ "ምስኪን፣ ምንም አያውቅም" ስትል ሰማኋት።

የማላውቀው ምንድን ነው? ኖሪን ልትተወው ነው። ለነሱ ነግራለች፣ ለኔ መንገር ከብዷታል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

የበጋው ወቅት አልቆ የሀገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ጠዋቱ ብርሃን፣ ምሽቱ ግን ቶሎ ጨለመ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ ጣቶቼን እያራገፍኩ።

ዛሬ ከአልቪ መንደር መለስ ብለን ቁልቁለቱ ላይ ኖሪን ወረደች። ሰማያዊቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ ጓንቷን አወለቀች። "ክላይቭ፣ ይቺ ብስክሌት ቆንጆ ናት" አለች። "የኔ ግን አይደለችም።" ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። ትከሻዬን መታ አድርጋ ተመልሳ ኮርቻው ላይ ወጣች። ቤት እስክንደርስ ከኋላዋ ነዳሁ።

እኔ የምፈራው ምን እንደሆነ አሁን ልጻፈው። ውድድሩን አይደለም። እነዚህን ጥቂት እሑዶች ነው። ከፊቴ የሷ ጎማ ሲሽከረከር፣ ዞር ብላ "አለህ?" ስትለኝ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ቫኒላ ስላይስ የሚሉትን ኬክ ለሁለት ስንካፈልና ዱቄት ስኳሩ አፍንጫዋ ላይ ሲቀር። ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት እንዴት እኖር እንደነበር ረስቼዋለሁ። አሁን እንደገና ብቻዬን ውጣ ብባል አልፈልግም። ደግሞ ቃል ገብቻለሁ፤ አልለምናትም።

ምናልባት ብዙ ተናግሬ ይሆናል። ክርንሽን እጠፊ፣ አገጭሽን አውጪ። ማን ሰው እንዲህ እየተባለ ደስ ይለዋል?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ስቅለት። ቅመም ያለው ዳቦ በቅቤ። ኖሪን "ነገ ቀድሜ እወጣለሁ፣ መነሻው ላይ እንገናኝ" አለች። ቀድማ የት?

ጋራዥ ገባሁ። ሰማያዊቷ ጣሪያው ሥር ተሰቅላለች። ኖሪን ራሷ ናት የሰቀለቻት።

በቃ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19

ምሽት ነው፤ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። አንድም ነገር ሳላስቀር ልጻፈው።

መነሻው ላይ የስም ዝርዝሩን ይዤ ቆሜአለሁ። ቀዳሚዎቹ ተሰልፈዋል፣ ኖሪን የለችም። ዴስ "ሚስትህ ላም እያየች ይሆናል" አለ። ስሟን ልሰርዝ እስክሪብቶዬን ሳወጣ ከአዳራሹ ኋላ ብቅ አለች።

በብርቱካናማዋ ላይ! ያቺ የኪራ መስኮት ውስጥ የነበረችው፣ የጡረተኛ አልጋ ያልናት። በክለባችን ደንብ ሁሉ ነገሯ ስሕተት ነው። መሪው ከፍ ብሏል፣ የጎማው እምብርት በግልጽ ይታያታል። ኖሪን ግን ትከሻዋ ወርዶ፣ ክርኗ ማንም ሳይነግረው ታጥፎ፣ እየሳቀች ነው የመጣችው። ሰማያዊቷ ላይ ይህንን ፊት አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ያኔ ሁሉም ባንዴ ገባኝ፤ ማክሰኞው፣ ሐሙሱ፣ ባቷ ላይ ያለው ቅባት፣ ሸረሪቷ። እንደኔ ያለ ጅል!

"ጋውኖቹስ?" አልኳት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

"ጋውኖቹ አልቀዋል። ከለካኋቸው በኋላ ከኪራ ጋር ሐይቁን እንዞር ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ! አንተ እምብርት ስትፈልግ አልሰማኸኝም።"

ሰዎቹ ሳቁ፤ ዴስ ከሁሉም በላይ። ኖሪን ብርቱካናማዋን ዳበስ አደረገች። "የኪራን ሱቅ አመስኩት። አንደኛዋ ቀለሟ ደስ አለኝ፣ እጄን ግን ትጎትተኛለች። ሁለተኛዋ ትመቻለች፣ ግን አጥራ ጉልበቴ መሪውን ሊነካ ደረሰ። እያንዳንዷን ይዤ ወጣሁ፣ ቤት የገባሁት ሲደክመኝ ነው፣ ምን እንዳመመኝ ልይ ብዬ። ከዚህችኛዋ ስወርድ ያመመኝ ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። ልብስ መጀመሪያ የሚቀመጠው ትከሻ ላይ ነው፣ ክላይቭ። ትከሻው እንቢ ካለ የሱሪው ርዝመት ምን ይጠቅማል?"

ከዚያ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሁን ደቂቃዬን ቀንስ።"

"ምን?"

"ሠላሳ አምስቱ የሰማያዊቷ ነው። በዚህችኛዋ እሱን ይዤ ከተነሳሁ ሁላችሁንም ጥዬ ገብቼ ሻይ አፈላለሁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ክላይቭ ለሚስቱ አደላ ይባላል። ይህንን አልፈልግም።"

ደቂቃዬን ጨምርልኝ የሚል ሰው በየዓመቱ አለ። ቀንስልኝ ያለኝ ሰው ይህችው ናት። ኪራን ጠየቅኋት፣ ሐይቁን በስንት እንደሚዞሩት ነገረችኝ። ሠላሳ አምስቱን ሰርዤ ሃያ ጻፍኩ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ኮርቻዋን ከኋላ ያዝኩላት፣ ተራዋ ደርሶ ስሟ ሲጠራ ለቀቅኳት። እሷ ሄደች፣ እጄ አየር ላይ ቀረ።

እኔ በተራዬ ስነሳ ከዴስ ጋር ነበርኩ። ዋሪዮን ድረስ ጥሩ ነበር። ከቢአክ በኋላ ነፋሱ ከፊት መጣ፣ ጣቶቼም ተኙ። ማርሽ ልቀይር ስል እጄ ማርሹን አላገኘውም። ዴስ "ና ተጠጋ!" እያለ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ትቶኝ ሄደ። ብቻዬን ሆኜ ረጅሙን ቀጥ ያለ መንገድ ስገባ፣ ከሩቅ ብርቱካናማ ነገር አየሁ።

እስክደርስባት ልቤ ሊፈነዳ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። "አለህ?"

"አለሁ" አልኩ፤ ግማሹ ድምፅ ግማሹ ትንፋሽ።

እጄን አየችው። "ከኋላዬ ግባ። ነፋሱን እኔ እይዘዋለሁ።"

እኔ! ከሚስቴ ኋላ! ገባሁ። ጎማዬን ከጎማዋ አስጠግቼ እስከ መጨረሻው የሷን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ። ሹራቧ ትከሻዋ ላይ አልተጨማደደም። ነፋሱ ሲመታት አንገቷ አልተሸማቀቀም። ቴላዮ ሲመች ምን እንደሚመስል ዕድሜዬን ሙሉ አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ያየሁት ዛሬ ነው። መጨረሻው አጠገብ ጎረምሶቹ እንደ ነፋስ አለፉን፣ ከኋላችን ቀዳሚዎቹ ነበሩ፣ ሁላችንም ባንድ ላይ ተንጋግተን ገባን። ምደባዬ ልክ ነበር! ኖሪን አሥራ ሦስተኛ፣ እኔ አሥራ አራተኛ። መስመሩ ላይ ላልፋት እችል ነበር። እንኳን አላለፍኳት።

አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ሲል ኖሪን ያዘችልኝ። ወደ ዴስ ዞረች። "ዴስ፣ ስትነዳ ጣትህ ይደነዝዛል?"

"የኔ? ለምን ይደነዝዛል?" አለ ዴስ፣ ላሚንግተን ኬክ አፉ ውስጥ ሞልቶ።

"ኪራ፣ አንቺስ?"

"አንድ ክረምት፣ መሪዬ ዝቅ ብሎ ሳለ። አስተካከልኩት።"

ጠረጴዛውን ዞርኩ፣ ሁሉንም ጠየቅኳቸው። የማንም አይደነዝዝም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የብስክሌተኛ ጣት ሁሉ የሚተኛ መስሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። ከጠቦቱ ጥብስ በኋላ ኖሪን ከቁም ሳጥን የሠርጌን ኮት አውጥታ "ልበሰው" አለችኝ። ለበስኩት። ክንዴ ጀርባዬ ላይ ተጠረነፈ፣ ቁልፉ ከቀዳዳው በሁለት መዳፍ ራቀ። ወንበሩ ላይ ወድቃ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ የብብቱ ስፌት ተተረተረ።

"ይኼ ኮት ቆንጆ ነው?" አለች።

"ቆንጆ ነው።"

"ሄደህ እንደዚሁ ለብሰኸው ብስክሌት ትነዳለህ?"

"አልነዳም።"

"አሁን የምትነዳትም ብስክሌት ልኳ ከሰማያዊቷ አይለይም፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ልክ ነው። ያ ጎረምሳ አሁን የለም። እኔ ያለኸውን ነው የለካሁት።" ሜትሯን ከኪሷ አወጣች። "ሹራብ የሚባል ነገር የለም። ነገ ኪራ ሱቁን ለኛ ትከፍታለች።"

መሪ ከፍ አድርጎ የሚነዳ ፖስተኛ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እሷም እስክናገር ጠበቀችኝ። ኮቱን አውልቄ ሰጠኋት።

እሑድ፣ ሜይ 11

ዝናቡ ጀምሯል፣ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል፣ የኔም ቴላዮ አረንጓዴ ነው። ኪራና ኖሪን እየተከራከሩ ሦስት ብስክሌት ላይ አስቀመጡኝ፣ ሦስቱንም አውጥተው አስነዱኝ፣ እኔ አስተያየት እንድሰጥ የተፈቀደልኝ በቀለሙ ላይ ብቻ ነበር። አጠር ያለች ናት፣ ፊቷ ከፍ ያለ። ዴስ ሲያየኝ "ደብዳቤ አለኝ?" አለ። ቀልዱን እንደመጣ ተቀበልኩት።

ሰማያዊቷ የስፌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ኖሪን የጋውን ጨርቅ ታንጠለጥልባታለች። ቅር አይለኝም። ትንሽ ይለኛል።

ዛሬ ኮሮሩክን፣ አልቪን፣ ዋሪዮንን፣ ቢአክን ዞረን፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ቫኒላ ስላይሱን ተካፈልን። ዙሩን በሙሉ ዝቅ ስል የጎማዬ እምብርት ፊት ለፊት ሲሽከረከር ይታየኛል። መጀመሪያ ዓይኔን አሸሸሁ፤ በኋላ ለመድኩት። መብራቱ ጋ ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምኩ። ማንም አላጨበጨበልኝም። ኖሪን "ሐሙስም እንውጣ እንዴ?" አለች። ሐሙስም እንወጣለን።

አሁን ከትከሻዬ በላይ ቆማ ታነባለች። አታንብቢ ብያት አልሰማችኝም። "ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ?" አለች ገጹን እያየች። "ጽሕፈትህ ይነበባል።"

እውነቷን ነው። ከላይ ጀምሬ እዚህ ድረስ ጻፍኩ፣ ጣቶቼን አንዴም አላራገፍኩም።